የሁላችንም ቁልፍ እሳቸው ጋ ነበር

እትዬ ካረፉ ሦስት ዓመት አለፈ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። አንዴ ስማቸውንና ፎቷቸውን ቸኩዬ ለጥፌ ምን እንዳጠፋሁ ወደ ታች ታነባላችሁ። ደግሞም በእኛ ብሎክ «እትዬ» ከተባለ እሳቸው ናቸው። ሌሎቹ ትልልቅ ሴቶች «እትዬ እከሌ» እየተባሉ በስም ነው የሚጠሩት።

ሰሞኑን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ከጎኔ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት አሉ። ያማቸዋል መሰለኝ። ግን ምን ብዬ ልግባ?» አለችኝ። ምሳ ሰዓታችን እስኪያልቅ ለእሷ ያወራሁላትን ነው አሁን የምጽፈው።

ጀሞ ኮንዶሚኒየም የገባሁት በ2006 ዓ.ም. ነው፣ በኪራይ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ያውቀዋል። ሊፍት የለም። ውሃ በፈረቃ ነው። አራተኛ ፎቅ ከሆናችሁ ደግሞ ፈረቃው ደርሶም ውሃው ጉልበት አጥቶ ታች ሊቀር ይችላል። ሲወጣም የሚወጣው ሰው ሁሉ ተኝቶ፣ የሚቀዳ ሲጠፋ ነው።

በገባሁ በሳምንቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ብቻዬን ነበርኩ። ልቤ ሊወጣ ደረሰ። «ማነው?» አልኩ።

«ውሃ መጣች ልጄ! ተነሺ፣ ቅጂ!»

በሩን ስከፍት ነጠላቸውን አደግድገው፣ የእጅ ባትሪ ይዘው፣ የሚቀጥለውን በር እያንኳኩ ነበር። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እንደዚያም ሆኖ እስከ ሁለተኛ ፎቅ ወርደው ሰው ይቀሰቅሳሉ። ከሁለተኛ በታች ያሉት ውሃ አይቸግራቸውም፤ «እነሱማ ይተኙ» ይሉ ነበር። ያኔ ገና ስሜን አያውቁም። ባዶ ጀሪካን ይዤ ስገባ ግን አይተዋል።

እትዬ የልደታ ሰው ናቸው። ሰፈሩ ሲፈርስ ነው ወደ ጀሞ የመጡት። ባለቤታቸው ቀድመዋቸው አርፈዋል። አንዲት ልጃቸው ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች። የሚኖሩት በትንሽ ጡረታና ልጅቷ በምትልከው ነበር።

ደግ ሰው ሲባል ሁሌ ፈገግ የሚል፣ ድምፁ የለሰለሰ ሰው ይመስለናል። እትዬ እንደዚያ አልነበሩም። ይቆጣሉ። ከበረንዳ ቆሻሻ የሚወረውር ካዩ ደረጃው መሐል ቆመው ሰባት ቤት እስኪሰማ ይናገሩታል። ልጄ እስከ ዛሬ የሙዝ ልጣጭ መሬት ላይ አይጥልም፤ ፍርሃቱ አልወጣለትም።

የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ እናቴ ደብረ ማርቆስ ታማ ተኝታ ነበር። ባለቤቴ መንገድ ላይ ነው። ምጡ የመጣው ሌሊት ነው። ታክሲ የፈለጉት፣ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ እስኪነጋ የተቀመጡት፣ ከዚያም አራስ ቤቴን የያዙት እትዬ ናቸው። ገንፎውን አገንፍተው፣ አጥሚቱን አፍልተው፣ ልጁን አጥበው፣ ልብሱን በረንዳ ላይ አስጥተው ይሄዳሉ። እስከ አርባው ቀን አንድ ቀን አልቀሩም። የገንፎው ቅቤ ከየት እንደመጣ እስካሁን አላውቅም። ስጠይቃቸው «ብይ፣ ወሬ አታብዢ» ነበር መልሳቸው።

በ2013 ደግሞ ባለቤቴ አራት ወር ሥራ ፈታ። ለማንም አልተናገርንም። እትዬ ግን በየሦስት ቀኑ እንጀራ ይዘው ይመጡ ጀመር። «እንጀራዬ በዛብኝ፣ ሊሻግትብኝ ነው፣ እባክሽ ገላግይኝ» ይላሉ። ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው፣ በየሦስት ቀኑ እንጀራ ይበዛባቸዋል! አንድ ቀን በር እጀታው ላይ በጥቁር ፌስታል በርበሬ ተንጠልጥሎ አገኘሁ። ማን እንዳንጠለጠለው መጠየቅ አላስፈለገኝም። መስጠት ብዙ ሰው ይሰጣል። ተቀባዩን ሳያሳፍሩ መስጠት ግን ከእሳቸው በፊት አይቼ አላውቅም።

የቁልፉ ነገር የጀመረው በአንድ ልጅ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ያለ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቤቱ ተቆልፎ፣ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ አገኙት። እናቱ ማታ ስትመጣ «ትርፍ ቁልፍ ካለሽ እኔ ጋ አስቀምጪ። እኔ የት እሄዳለሁ?» አሏት። ከዚያ አንዱ አንዱን እያየ ሁላችንም ሰጠናቸው። እትዬ ጥጥ ይፈትሉ ስለነበር የጥለት ክር ቁርጥራጭ አይጠፋቸውም። ለእያንዳንዱ ቁልፍ የተለያየ ቀለም ያስሩበታል። የእኔ ቀይ ነበር። ማንበብ ይችላሉ፤ ስም ጽፎ መለጠፍ ግን አይወዱም። «ሌባ ቢያገኘው የማን ቤት እንደሆነ አነበበ ማለት ነው» ይሉ ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቶቼ ልምጣ። በጊዜ ቅደም ተከተል ነው የምናገረው፤ አንዱ ሌላውን ስለሚጎትት።

በ2014 ብሎካችን ውስጥ ሌባ ገባ። እኔም በማግስቱ የበሬን ቁልፍ አስቀየርኩ። እትዬን ጠርጥሬ አይደለም፣ በጭራሽ። ሁሉም ሰው ስላስቀየረ አስቀየርኩ። አዲሱን ቁልፍ አስቀርጬ እሰጣቸዋለሁ አልኩ። ነገ አልኩ። የፊታችን ቅዳሜ አልኩ። በዚያው ሰሞን መሥሪያ ቤት የሥራ ዕድገት አገኘሁ፣ ማታም መማር ጀመርኩ። ቡና ሲጠሩኝ «ሳምንት» ማለት አመጣሁ። ቁልፉን ሳልሰጣቸው ዓመት ሞላ።

ልጄ አንድ ቀን «እማዬ፣ የእትዬ ቁልፍ እኮ በሩን እምቢ አለው» አለኝ። ለካ ከትምህርት ቤት ሲመጣ እትዬ እንደ ድሮው ሊከፍቱለት ሞክረዋል። አልከፍት ሲላቸው ወደ ቤታቸው ወስደው፣ አብልተው፣ የቤት ሥራ አሠርተው አቆይተውታል። ከዚያ ቀን በኋላም በየቀኑ እሳቸው ቤት ነው የሚቆየው። ለእኔ ግን አንድም ቀን «ቁልፍ ቀየርሽ እንዴ?» አላሉኝም። እኔም አፍሬ ዝም አልኩ። ምን ብለው ይሆን ያሰቡት? ይህን ጥያቄ የሚመልስልኝ ሰው የለም። አንድ ደቂቃ የምትፈጅ ነገር ነበረች። እናንተም ጎረቤታችሁ ጋ እንዲህ ያለች የምታሳፍር ትንሽ ነገር ካለቻችሁ ዛሬ ማታ ሂዱና ጨርሷት። በቆየች ቁጥር ለመናገር ትከብዳለች።

ሁለተኛው የኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው፣ ኅዳር 12 ቀን 2015። ኅዳር ሲታጠን ታውቃላችሁ፤ በ1911ዱ የኅዳር በሽታ ያ ሁሉ ሕዝብ ካለቀ ወዲህ በየዓመቱ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል። ሰፈሩ ጭስ በጭስ ሆኗል። እትዬ ሲጠርጉ ውለው ቡና አፈሉ። ያን ቀን እንደ ዕድል ሄድኩ። አቦሉን ቀድተው ሊያቀብሉኝ ሲሉ ስኒው ከእጃቸው ወደቀ። ሊናገሩ ሲሉ ምላሳቸው ተሳሰረ። አሥር ደቂቃ ያህል እንዲያ ሆነው ቆዩና ለቀቃቸው።

እኔና ሌላዋ ጎረቤታችን ምን አልን? «ጭሱ ነው።» «ምች ነው።» ዳማከሴ ጨምቀን አሸናቸው፣ ትንሽም አጠጣናቸው፣ በረካውንም ጠጥተን ተበታተንን። እሳቸውም «ለቀቀኝ፣ ተመስገን» አሉ።

በኋላ ሐኪሙ ሲጠይቀኝ ይህን ነገርኩት። ምች አልነበረም። ለጥቂት ደቂቃ ወደ አንጎል የሚሄድ ደም ተቋርጦ ነው። እንዲህ ዓይነቱ መጥቶ ሲሄድ የትልቁ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ለቀቀኝ ተብሎ የሚተው ሳይሆን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት የሚያስሮጥ። አፍ ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም አንድ እግር ከዛለ፣ ንግግር ከተንተባተበ፣ ዳማከሴውን ተዉትና ሰውየውን ይዛችሁ ሩጡ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ የእሳትና አደጋ ደግሞ 939። እኔ ያኔ ሁለቱንም አላውቅም ነበር። አሁን ማቀዝቀዣዬ ላይ ተለጥፈዋል።

ደም ግፊት እንዳለባቸው ግን አውቅ ነበር። ኪኒናውን ራሳቸውን ሲያማቸው ብቻ እንደሚውጡም አውቃለሁ። ሲሻላቸው ይተውታል። ጾም ሲገባ ጭራሽ ይረሱታል። የግፊት ኪኒን በየቀኑ የሚዋጥ ነው፤ ግፊት ሳያሳምም ከፍ ብሎ መቆየት ይችላል። ጾሙ የሚያሳስባቸው እናትና አባት ያሏችሁ ደግሞ የንስሐ አባታቸውን አነጋግሩ። እኔ ብነግራቸው እትዬ ይቆጡኝ ነበር፤ ቄሳቸው «ዋጡ» ቢሏቸው ግን እሺ እንደሚሉ እርግጠኛ ነኝ። ይህ ጥበብ የመጣልኝ ዘግይቶ ነው።

ኅዳር 21፣ ረቡዕ፣ የጽዮን ማርያም ዕለት። ሌሊት ውሃ መጥቶ ነበር። ማንም አላንኳኳም። ጠዋት ቧንቧ ስከፍት ጠብ ጠብ ብሎ ቆመ፤ ባልዲው ከቧንቧው ሥር ባዶውን አድሯል። «እትዬ ዛሬ ምነው?» አልኩ። ወዲያው «ቤተ ክርስቲያን ሄደው ይሆናል፣ ማርያም አይደለች?» ብዬ ለራሴ መለስኩ። በሩ ዝግ ነው። አንኳኩቼ እንኳን አላየሁም። ታክሲ ሰልፉ ታይቶኝ ወረድኩ።

ማታ 11 ሰዓት ላይ ስመለስ ልጄ ደረጃ ላይ ተቀምጧል። «እትዬ አልከፈቱልኝም» አለኝ።

አንኳኳን። ጠራን። ስልካቸው ከውስጥ ይጮኻል። የሁላችንንም ቁልፍ የያዙ ሰው፣ የእሳቸው ቁልፍ ማናችንም ጋ የለም። ማንም ጠይቋቸው አያውቅም! በያጅ ተፈልጎ እስኪመጣና የብረት በሩን እስኪቆርጥ ከአርባ ደቂቃ በላይ ፈጀ። መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወድቀው አገኘናቸው። ጀሪካኑ አጠገባቸው ነው። ውሃው ሲመጣ ሰምተው ተነሥተዋል።

ሕይወታቸው አለ። አፋቸው ተጣሟል። አንዷ ጎረቤት ደንግጣ ውሃ ልታጠጣቸው ስትል አንድ የነርስ ተማሪ ልጅ ከለከላት። እንዲህ የሆነ ሰው መዋጥ ስለሚያቅተው ውሃም ሆነ ጠበል ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ በጎኑ አስተኝቶ መውሰድ ነው ያለበት። ሆስፒታል ስንደርስ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ሰዓት ላይ ጀመራቸው?» የሚል ነበር። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው በመጀመሪያዎቹ አራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ እሱም ሁሉም ቦታ አይገኝም። እኛ የደረስነው ከአሥራ አምስት ሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት በሩን ባንኳኳ ኖሮ ይተርፉ ነበር ወይ? ሐኪሙን ጠየቅኩት። «እሱን ማንም ሊነግርሽ አይችልም» አለኝ። ሐቀኛ መልስ ነው። ግን አያስተኛም።

ዘጠኝ ቀን ቆዩ። ተራ ገብተን አስታመምን፣ ለሲቲ ስካኑ ብሎኩ አዋጣ። ለልጃቸው ግን «ትንሽ ጉንፋን ይዟቸው ነው፣ ድምፃቸው ስለተዘጋ ነው የማያወሩሽ» አልናት። ትደነግጣለች ብለን። ሀገራችን ላይ እንዲህ ነው የሚደረገው። አሁን ግን አልስማማበትም። መታመማቸውን፣ መክበዱን፣ ቀስ እያልን ብንነግራት ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገን የልጃቸውን ድምፅ እናሰማቸው ነበር። ያን ነጠቅናቸው፤ ለእሷም ለእሳቸውም።

ኅዳር 30፣ ዓርብ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ አረፉ።

ትልቁን ጥፋቴን ያጠፋሁት ከሆስፒታል ስመለስ ታክሲ ውስጥ ነው። ሌሊቱን አልተኛሁም፣ እንባዬ አልቆመም። ስልኬን አወጣሁና ቡና ሲያፈሉ ያነሣኋቸውን ፎቶ ከነስማቸው ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩ። «እናታችን እትዬ፣ ነፍስዎን በገነት ያኑርልን።» ሰው ሁሉ ማዘኑን ይጽፍ ጀመር። የብሎካችን ልጆች ሼር አደረጉት። እውነቱን ልናገር፤ የሰዉ ማጽናናት ደስ አሰኝቶኝ ነበር።

እኔ ይህን ሳደርግ የእድራችን ዳኛና ሁለት ሽማግሌዎች መርዶውን እንዴት እንደሚያደርሱ እየተመካከሩ ነበር። ቤሩት ያለች ጓደኛዋን አግኝተዋል። እሁድ የዕረፍት ቀኗ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትመጣ ጓደኞቿ ተሰብስበው፣ ቁርስ መብላቷን አይተው፣ ደግፈው ይነግሯታል። መርዶ ወግ ያለው ነገር ነው። ሰው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማው፣ በባዶ ሆዱ እንዳይሰማው፣ ሲወድቅ የሚይዘው እንዲኖር ነው አባቶቻችን የሠሩት።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ኢሞዬ ጠራ።

«እናቴ ሞታለች? አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

አፌ ተያያዘ። ዝምታዬን ሰማች።

«ማዳሜ ሳሎን ናት። መጮህ አልችልም» አለችኝ። «ምንም አትበይኝ። ብቻ አትዝጊው።»

አልዘጋሁትም። ከዚያ የቧንቧ ውሃ ሲፈስ ሰማሁ። ለቅሶዋ እንዳይሰማባት ነው የከፈተችው። ለስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፣ ውሃው ሲፈስ ብቻ አዳመጥኩ።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ሰው ሲሞት ለመጻፍ አትቸኩሉ። መጀመሪያ «ያልሰማ ማን አለ?» በሉ። ልጅ፣ እህት፣ ወንድም፣ ዓረብ ሀገር ያለ፣ አሜሪካ ያለ፣ ግቢ ገብቶ የሚማር። የቅርብ ቤተሰብ ሁሉ መስማቱን መርዶ የሚያደርሱት ሰዎች ሳያረጋግጡላችሁ ፎቶ አትለጥፉ፣ የብሎኩ ቴሌግራም ላይም አትጻፉ። የእኔን ጽሑፍ ወዲያው አጠፋሁት። ምን ዋጋ አለው? አንዴ አይታዋለች።

በዚያው ቀን ነው የተቀበሩት። ሌላ ጉድ የመጣው ከቤተ ክርስቲያኑ ነው። «የንስሐ አባታቸው ማን ናቸው? የሰበካ ጉባኤ ካርዳቸው የት አለ? የክርስትና ስማቸውስ?» ተባልን። እርስ በርስ ተያየን። ስምንት ዓመት ተኩል ቡናቸውን ጠጥቻለሁ። አራስ ቤቴን ይዘዋል። የክርስትና ስማቸውን አላውቅም። ፍትሐት የሚደረገው በዚያ ስም ነው። አማራጭ ስናጣ ለልጃቸው መልሼ ደወልኩ፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ እኔው ራሴ። ነገረችን። «ካርዱ ብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ ነው፣ ከአልጋው ሥር» አለችኝ።

ቆርቆሮውን ከፈትኩ። የሰበካ ጉባኤው ካርድ፣ የጀሞው እድር ደብተር፣ ከሥሩ ደግሞ የልደታው የድሮ እድር ደብተር። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ሰው በየአቅጣጫው ተበትኖ እንኳን መክፈላቸውን አላቋረጡም፤ በየወሩ ሁለት ታክሲ ይዘው ይሄዱ ነበር። እነዚያ ሰዎች ለቀብሩ በሁለት ሚኒባስ ሞልተው መጡ። ቆርቆሮው ጥግ ላይ ቁልፎቻችን አሉ። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ወርቅማ ክር። የእኔም አለ፣ ቀዩ። ምንም እንደማይከፍት እያወቁ አልጣሉትም። ክሩ አዲስ ነበር። አሮጌው ሲያልቅ ቀይረውለታል።

ብቻቸውን የሚኖሩ ትልቅ ሰው ካሏችሁ እነዚህን ነገሮች በጤናቸው ጠይቋቸው። አያስከፋቸውም፤ የእኛ እናቶች ስለ ሞታቸው ከእኛ ይልቅ በድፍረት ያወራሉ። የክርስትና ስም፣ የንስሐ አባት ስልክ፣ የእድር ደብተር ያለበት ቦታ፣ የሚውጡት መድኃኒት፣ ልጆቻቸውን የሚያገኝ ሰው። እምነታቸው ሌላ ከሆነም የራሱ ሥርዓት ስላለው ያንኑ ጠይቁ። ከሁሉ በፊት ግን ትርፍ ቁልፍ። ጠዋት ጠዋት ደግሞ አንድ ምልክት ተስማሙ። መስኮት መክፈት ሊሆን ይችላል፣ መጋረጃ መግለጥ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ከቀረ ታክሲ ሰልፉን ትታችሁ አንኳኩ።

ለቅሶው ኮሚናሉ ውስጥ ሆነ። ድንኳኑንና ወንበሩን እድሩ አመጣ። የገና ጾም ስለነበር ንፍሮና የጾም ወጥ ነው የቀረበው። በሰልስቱ ሌሊት ውሃ መጣ። ከብሎካችን አንድ ሰው አልነቃም። ያን ሁሉ እንግዳ ይዘን፣ ያ ሁሉ ሳህን ተከምሮ፣ ጠዋት አንድ ጀሪካን ውሃ አጣን። ሴቶቹ ባዶ ባልዲ ይዘን ደረጃው ላይ ተያየንና አንዷ ሳቀች። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን። ቀጥሎ ነው ለቅሶው የመጣው፤ ከቀብሩ ዕለት የባሰ።

ስለ ወረቀት ነገር አጭር ነገር ልበል። ሞት ወረዳ ላይ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ከሆስፒታሉ የተሰጣችሁን ወረቀት አትጣሉ። እኛ «ልጃቸው ስትመጣ ታደርገዋለች» ብለን ትተነው፣ ልጅቷ ለወራሽነት ጉዳይ ከቢሮ ቢሮ ስትንከራተት ከረመች።

የመጣችው ሐምሌ 2015 ላይ ነው፤ ውሏ አላልቅ ብሎ ከዚያ በፊት መውጣት አልቻለችም። እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ለመጠየቅ ቃል ሳጠና ከርሜ ነበር። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ እኔ ቤት ገባች። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ። «አጠፋሁ» ብቻ አልኳት።

«አጥፍተሻል» አለችኝ። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «ግን አልዘጋሽውም።»

ከዚያ ከአንገቷ ላይ ማዕተቧን አውጥታ ያንጠለጠለችበትን አሳየችኝ። የእትዬ በር ቁልፍ ነው። ከሀገር ስትወጣ ሰጥተዋታል፤ ሰባት ዓመት ቤሩት አንገቷ ላይ ይዛው ኖራለች። በሩን በግራይንደር ቆርጠን ከነቁልፉ እንደቀየርነው ያኔ ነው የነገርኳት። «እንግዲያ ምንም አይከፍትማ» አለች። እኔም ቀዩን ክር አውጥቼ የእኔን አሳየኋት፤ የቁልፉንም ታሪክ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ለማንም ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር።

ቤቱን አከራይታው ተመለሰች። ቆርቆሮውን ከነክሩ እኔ ጋ ተወችው። በጎረቤቶቼ ሁሉ እየዞርኩ አዲስ ቁልፍ ሰበሰብኩ፤ የእኔን ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላሉት ሰጠሁ። ሌሊት ውሃ ሲመጣ ማንኳኳቱን ተራ ገብተንበታል። እውነት ለመናገር ግማሹ ሰው ተራው ሲደርስ ይተኛል።

የእትዬን ቤት የተከራየው ወንደላጤ ልጅ ነው። ሥራው ማታ ማታ ስለሆነ ብዙም አንተያይም። በገባ በሦስተኛው ሳምንት በሬን አንኳኳ። እጁ ላይ ቁልፍ ይዟል፤ ሊሰጠኝ እያለ ያፍራል።

«ሰዎቹ አንቺ ጋ ነው የሚቀመጠው ሲሉኝ…» አለ።

ቆርቆሮውን አወጣሁ። ቀለም መረጥኩለት። ቢጫ አልተያዘም ነበር።